የቅዳሜ ምሽት ጣቢያዎች

የትምህርት ቤታችንን ሬዲዮ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤቴ ይዤ መሄድ የጀመርኩት በዳይሬክተሩ ትእዛዝ ነበር። የቢሮው መቆለፊያ ከተበላሸ ቆይቷል። ቅዳሜና እሁድ ግቢው ባዶ ስለሚውል ሬዲዮው እንዳይሰረቅ ሰጋ። «የሬዲዮ ትምህርት ተጠሪዋ አንቺ ነሽ፤ የተከራየሽውም ቄስ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሌባ አይደፍርሽም» አለኝ። በነጠላ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ። ነገሩ ሲጀመር እንግዲህ ምንም ነውር አልነበረበትም። ነውሩ የመጣው እያደር ነው፤ የወደቀውም በሬዲዮው ላይ ሳይሆን በእናቴ ላይ ነው።

ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ የተመደብኩት ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ፣ በእግር ረጅም መንገድ በሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። መብራት የለም። ውኃ ከምንጭ ነው። ሌሎቹ አስተማሪዎች ባለትዳሮች ስለነበሩ የዓርብ ከሰዓት ደወል እንደተደወለ ወደየቤታቸው ይበተናሉ። እኔ አንዲት ክፍል ቤት፣ አንድ አልጋና የምቀመጥባት አንዲት ዱካ ነበሩኝ።

እናቴ የምትኖረው ሉማሜ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ በአውራ ጎዳናው ዳር ትንሽ ሻይ ቤት ከፍታ በመንገደኛ ትተዳደር ነበር። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ስመደብ የተስማማነው ቅዳሜ ቅዳሜ እንድመጣ ነው። በጠዋት ወደ አማኑኤል እወጣለሁ፤ ከዚያ በመኪና ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ ደግሞ በሌላ መኪና ሉማሜ እገባለሁ። አብሬያት አድሬ እሁድ እመለሳለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ውል አላጎደልኩም። እናቴም ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኛ ቢበዛ ባይበዛ ግድ የላትም፤ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ብርጭቆ በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ትወጣ ነበር።

የሬዲዮ ትምህርቱ የሚመጣው ደብረ ማርቆስ ከተተከለ አነስተኛ ማሰራጫ ነበር። ሬዲዮው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ውስጡ ያለችው አስተማሪ ትጠይቃለች፤ ከዚያ ተማሪዎቹ እንዲመልሱ ጥቂት ዝም ትላለች። ክፍሉ በሙሉ ባንድ ድምፅ ይጮኻል። እሷም የሰማች ይመስል «ጎበዞች!» ትላለች። የእኔ ሥራ ጣቢያውን አጥርቶ መያዝና ባትሪ ድንጋዮቹ ሲደክሙ ፀሐይ ማስመታት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጉንፋን ይዞኝ ሳልሄድ ቀረሁ። ቀኑን ተኝቼ ውዬ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጋቢዬን ደርቤ ደጅ ወጣሁና ሬዲዮውን ከፈትኩ። የጎልማሶች ትምህርት እየተሰጠ ነበር። እሱም አለቀ፤ አቅራቢው ደኅና እደሩ አለ፤ ጣቢያው ተዘጋ። እጄን ከጋቢው ማውጣት ስላስጠላኝ ሬዲዮውን ሳልዘጋው ቀረሁ። ባዶው ሞገድ የሚያሰማው ሹሹታ ብቻ ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ከሹሹታው ሥር የሰው ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። አንድ ሰውዬ «ቶኮ» አለና ዝም አለ። ከዚያ «ለማ» አለና ዝም አለ። ቀጥሎ «ሰዲ»።

ኦሮምኛ መሆኑን ያወቅሁት ቁጥሮቹን ከገበያ ስለለመድኳቸው ነው። ሰውዬው አስተማሪ ነበር። ዝም የሚለው ተማሪዎቹ እንዲመልሱለት ነው። የት ያሉ ተማሪዎች እንደሆኑ፣ ስንት ወንዝና ስንት ተራራ በመካከላችን እንዳለ አላውቅም። በሱ ዝምታ ውስጥ እዚህ የሚሰማው ሹሹታ ብቻ ነው። ሳላስበው «አፉር» ብዬ መለስኩለት። ለራሴ ሳቅሁ። ወዲያው ድምፁ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ብጠብቅም አልተመለሰም።

ሰኞ ዕለት ወለጋ ይሠራ ለነበረ አንድ ባልደረባዬ ነገርኩት። «እንደኛው ዓይነት ትንንሽ ማሰራጫ በየክፍለ ሀገሩ አለ» አለኝ። «ግን ጉልበት የላቸውም። ከአካባቢያቸው እንዲያልፉ አይደለም የተሠሩት። ተሳስተሽ ይሆናል።»

አልተሳሳትኩም ነበር። እንዳልተሳሳትኩ ለማረጋገጥ የሚቀጥለውንም ቅዳሜ መቅረት ነበረብኝ፤ ምክንያቱም የሥራ ቀን ሬዲዮው ቢሮ ያድራል፤ የዚያን ሳምንት ዓርብ ምሽት ደግሞ ብሞክር ብሞክር ምንም አልያዝኩም። ለእናቴ ስብሰባ አለብኝ ብዬ ላክሁባት።

የምልክባት በአውቶቡስ ረዳት ነው። ከአማኑኤል ወደ ደብረ ማርቆስና ከዚያም ወዲያ የሚመላለስ አንድ ረዳት ነበር፤ የእናቴን ሻይ ቤት ያውቃል። ለገበያ አማኑኤል የሚወጣ ሰው ካገኘሁ መልእክቴን ለረዳቱ ያደርስልኛል፤ ረዳቱ ለእናቴ። ውሸቴ እንዲህ በሁለት ንጹሐን ሰዎች አፍ አልፎ ነበር የሚደርሳት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማስረዳት እቸገራለሁ። እንዲህ ያለ መዝናኛ በዓለም ላይ እንዳለ፣ በየአገሩም ሩቅና ደካማ ጣቢያ አሳድደው የሚይዙ ሰዎች እንዳሉ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ እኔ ብቻ ያበድኩ መስሎኝ ነበር። ቀን ቀን በመካከለኛው ሞገድ ላይ ከደብረ ማርቆስና ከአዲስ አበባ በቀር የሚሰማ የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ቀኑን ሙሉ ድዳ የነበረው ሞገድ መናገር ይጀምራል። አንዱ ብቅ ይላል፤ ሌላው ይጫነዋል። ሣጥኑን ወደ ጎን ሳዞረው የሚጮኸው ጣቢያ ዝቅ ሲል፣ ከሥሩ ተደብቆ የነበረው ደካማው ከፍ እንደሚል በራሴ ደረስኩበት። የቄሱ ባለቤት ልብስ የምታሰጣበት ሽቦ ከአጥሩ እስከ ጓሮው ዋርካ ተዘርግቶ ነበር። ሬዲዮውን ከሽቦው ሥር በዱካ ላይ ሳስቀምጠው ድምፁ እንደሚጎላም በአጋጣሚ አየሁ። ጠንካሮቹን፣ ከባሕር ማዶ የሚያስተጋቡትን፣ ማንም የሚይዛቸውን ንቄ ተውኳቸው። የምፈልገው ለኔ ያልተላኩትን ነበር፦ ስለ ቡና በሽታ የሚናገር፣ ለወላድ እናቶች ምክር የምትሰጥ፣ ፊደል የሚያስቆጥር። ትግርኛ ሰማሁ፤ ሶማልኛ ሰማሁ፤ እስከ ዛሬ ምን እንደሆነ የማላውቀውን ቋንቋ ሰማሁ። ሁሉንም የምይዘው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የከተማቸውን ስም እስኪናገሩ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ስሙን ሊጠሩ ሲሉ ይጠፋሉ። የዚያን ምሽት እንቅልፍ የለኝም።

አከራዬ ቄስ አንድ ቀን ከሠርክ ጸሎት ሲመለሱ ሽቦው ሥር አገኙኝ። ቅኔ የተማሩ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ።

«አስተማሪዋ፣ የምትሰሚው ከሰው ነው ከሰማይ?» አሉኝ።

«ከሰው ነው አባ፤ መንገዱ ግን በሰማይ ነው።»

«እንግዲያ ተጠንቀቂ» አሉ መቋሚያቸውን ተደግፈው። «በሰማይ የመጣ ሁሉ የእግዜር አይደለም። ይልቅ ቅዳሜ ወደ እናትሽ ትሄጂ አልነበር?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኳቸው። ለቄስ ዋሸሁ። ፊቴ ሲግል ተሰምቶኛል፤ ሬዲዮውን ግን አልዘጋሁትም።

አንዱን ቅዳሜ ስብሰባ፣ አንዱን ቅዳሜ ፈተና ማረም፣ አንዱን ቅዳሜ የመንገድ መበላሸት አደረግሁት። አንዳንዴ እየሄድኩ፣ ይበልጡን እየቀረሁ ቆየሁ። እናቴ ቅር ያላት አትመስልም ነበር። እንዲያውም ስቀር ስንቅ ትልክልኛለች። አንድ ምሽት ከሽቦው ሥር ተቀምጬ ሳለ የገበያ ተመላሽ ጎረቤት በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ አመጣልኝ። «ስብሰባው እንዳያደክማት፣ ትብላ ብላለች እናትሽ» አለኝ። ገና ልስልስ ነበር። ጥቁር አዝሙዱ ይሸታል። ጆሮዬን ከሬዲዮው ሳላነሣ በላሁት።

ጥር ሲገባ መልእክቷ ተለወጠ። ረዳቱ «የምንማከረው ነገር አለ፤ ጾም ሳይገባ ትምጣ ብላለች» ብሎ ላከብኝ። ደግሞ በሌላ ሳምንት፦ «የምንማከረው ነገር አለ፤ አትቅሪ።» ጥር የሠርግ ወር ነው። እኔም ዕድሜዬ ደርሶ ነበር። አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮብኝ ይሆናል፣ እናቴ ልትድረኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ስለዚህ ከበፊቱ ይልቅ ሸሸሁ። ሰማዩ ደግሞ በጥር ጥርት ያለ ነው፤ የክረምቱ መብረቅ በሬዲዮው ውስጥ አይንኳኳም። ጣቢያዎቹ ከመቼውም ይበልጥ የሚሰሙበት ጊዜ ነበር።

እናቴ ራሷ የመጣችው ያን ጊዜ ነው።

ቄሱ በኋላ እንደነገሩኝ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ቅርጫት አንጠልጥላ፣ መንገዱን እየጠየቀች ደረሰች። መስቀል ተሳለመችና «አስተማሪዋ ከስብሰባ ተመለሰች አባቴ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ምን ያውቃሉ። «የምን ስብሰባ ልጄ? ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ናት፤ ከሬዲዮዋ ጋር። ከጓሮ በኩል ሂጂ» አሏት።

እኔ ጀርባዬን ለመግቢያው ሰጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጉንጬን ሣጥኑ ላይ አስደግፌ ነበር። ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ ጣቢያ ይዣለሁ። ልጆች ሲዘምሩ ቆዩ፤ ከዚያ አንዲት ሴት መናገር ጀመረች። የሰዓቱ መጨረሻ ስለሆነ የከተማቸውን ስም ልትጠራ እንደሆነ አውቃለሁ። ኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። የቄሱ ባለቤት ልብሷን ልትሰበስብ የመጣች መሰለኝ። ሳልዞር እጄን ከፍ አድርጌ «እሽሽ! ቁሚ እስቲ!» አልኩ።

ኮቴው ቆመ።

ሴትዮዋ ተናገረች፤ ሹሹታው ዋጣት፤ ደግሞ ብቅ አለች፤ ደግሞ ጠፋች። ስሙን አልያዝኩትም። ሣጥኑን ወዲህም ወዲያም አዞርኩ። ብዙ ቆየሁ። ተስፋ ስቆርጥ ቀና ብዬ ዞርኩ።

እናቴ ቆማለች። ቅርጫቷን እንኳ አላስቀመጠችም። ጫማዋና የቀሚሷ ጫፍ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ያዘዝኳትን ፈጽማ፣ ባለችበት ቆማ፣ እየጠበቀችኝ ነበር።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

ዘልዬ አቀፍኳት፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ወደ ቤት አስገባኋት፤ ውኃ አሙቄ እግሯን አጠብኳት። እግሯን ሳጥብ ቀና ብዬ ልያት አልቻልኩም። እሷ ዓይኗን በክፍሉ ውስጥ ታዞራለች፤ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን፣ ከአልጋው ሥር ያለውን። የወንድ ኮት፣ የወንድ ጫማ ስትፈልግ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

«ስብሰባ የለም አሉኝ ቄሱ» አለች።

«የለም።»

«የሚታረም ፈተናም የለም።»

«የለም እማዬ።»

«ማነው ታዲያ?»

«ማን ማን?»

«ያስቀረሽ ነዋ።»

«ማንም የለም። ሬዲዮው ነው። ሩቅ ያሉ፣ የማይሰሙ ጣቢያዎች አሉ፤ ምሽት ላይ አንዳንዴ…»

እናቴ ከደጅ አስገብቼ ዱካው ላይ ያስቀመጥኩትን ሬዲዮ ረዥም ጊዜ አየችው። «ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሰው ቢሆን ደግ ነው ክፉ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ሽማግሌ ላክ እለዋለሁ። ሣጥንን ምን እለዋለሁ?»

እግሯን ያጠብኩበትን ውኃ ደጅ ደፍቼ ተመለስኩ።

«የሚሉትን ትሰሚያለሽ?»

«ጥቂቱን። አብዛኛውን ቋንቋውን አላውቀውም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታዳምጪ?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። እሷም አላስጨነቀችኝም፤ ቅርጫቷን ፈትታ ያመጣችውን ቆሎና እርጎ አወጣች። ስንበላ ድፍረት አግኝቼ «የምንማከረው ነገር አለ ብለሽ ልከሽብኝ ነበር» አልኳት።

ጉርሻዋን ሳትውጥ አየችኝ። ያን አስተያየቷን ዛሬም አልረሳውም፤ ያኔ ግን ማንበብ አልቻልኩም።

«ኧረ ምንም አይደል» አለች። «የሻይ ቤቱ ነገር ነበር። አለፈ።»

እሷ ነገሩን ስታቀልለው እኔም ቀለለኝ፤ ሊድሩኝ ነው ብዬ የፈራሁት ነገር ቀርቷል ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። እሁድ ጠዋት እስከ አማኑኤል ሸኘኋት። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት ብቅ ብላ «ቤቱ አለልሽ» አለችኝ። «መቼም ብትመጪ ቤቱ አለልሽ።» ምን ለማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ አልቀረሁም። ሬዲዮውን በዓርብ ምሽት ብቻ ወሰንኩት፤ ቅዳሜ ለቄሱ አደራ ሰጥቼ እወጣለሁ። ሉማሜ ስደርስ ብርጭቆ አጥባለሁ፤ ስኳር እጨምራለሁ፤ ለአውቶቡስ ሰዎች ሻይ አመላልሳለሁ። የማደርገው ሁሉ ለካሣ ስለነበር እናቴ በሣቀች ቁጥር ይከብደኝ ነበር። ኋላ የራሴን ትንሽ ሬዲዮ ስገዛ «አምጪው እስቲ፣ እኔም ልየው» ስላለችኝ ሉማሜ ይዤው ሄድኩ። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ምሽት ላይ አብረን ተቀመጥን። የከባድ መኪኖቹ ሞተር ሁሉ በውስጡ ይንጫጫል። እንደ ምንም አንዲት ድምፅ ያዝኩላት።

«ይቺ ሴት ምን ሆና ነው የምታለቅስ?» አለች።

«አታለቅስም እማዬ፤ እያስተማረች ነው። ድምፁ ስለሚርቅ ነው እንዲያ የሚንቀጠቀጥ።»

«እኔ ለቅሶ ነው የሚመስለኝ» አለች፤ ጥቂት አዳምጣም ድስቷን ልታወርድ ገባች። ልቧ አልነበረበትም። ለኔ ብላ ነው የተቀመጠችው።

በአካባቢው አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበር። ሚስቱ ከሞተች የቆየ፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ትከሻው ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሰው። ድሮ ጠዋት ጠዋት ከእናቴ ዘንድ ሻይ ሳይጠጣ ወፍጮውን አያስነሣም ነበር። አሁን ግን በመንገዱ ወዲያኛው ጠርዝ በኩል ያልፋል፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይላል እንጂ አይገባም። አስተውዬዋለሁ፤ ግን ምንም አላልኩም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሴት አገባ። ሠርጉ ትልቅ ባይሆንም ጎረቤት ተጠርቶ ነበር፤ እናቴም ወጥ ሠርታ ሰጥታለች።

ከሠርጉ በኋላ ባለው ቅዳሜ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ጠላ የምትሸጠው ጎረቤታችን እኔ ወዳለሁበት መጣች። የልብ የልቧን የምትናገር ሴት ነበረች።

«እናትሽ አንድ ዕድል ነበራት፤ እሱም አመለጣት» አለችኝ።

«የምን ዕድል?»

«አልነገረችሽም? አምና ጥር ሽማግሌ የላከባት የወፍጮው ሰውዬ አልነበር? ልጄን ሳላማክር አይሆንም አለች። ቆይ ልጄ ትምጣ፣ ቆይ ልጄ ትምጣ። ሽማግሎቹ ጾም ሊገባ ነው፣ ቁርጡን ንገሪን አሏት። በመጨረሻ አንቺው ጋ ሄደች። ከተመለሰች በኋላ አይሆንም አለች። አንቺ ከልክለሻት ነው ብለን ስንት አማንሽ።»

ብርጭቆ ይዤ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «እኔ አልከለከልኳትም» ለማለት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሴትዮዋ እናቴ ስትመጣ አይታ ወደ ቤቷ ገባች።

እናቴ እንስራዋን አውርዳ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። ፊቴን አይታ ማን ምን እንደነገረኝ ወዲያው ገባት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ልነግርሽ መጥቼ አልነበር?»

መምጣቷ እውነት ነው። ቢሆንም ጠየቅኋት፦ «ታዲያ መጥተሽ ለምን ዝም አልሽ? እኔ እኮ እሺ እልሽ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።»

ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ፍሙን በመቆስቆሻ እየነካካች ቆየች።

«ሳልመጣ በፊት እሺ ልለው ነበር» አለች። «ደግ ሰው ነው። ግን አንቺን እንዲያ ሽቦ ሥር ኩርምት ብለሽ፣ ከማይሰማሽ ሰው ጋር ስታወሪ ሳይሽ፣ ይቺ ልጅ ማን አላት አልኩ። እኔ ካገባሁ ይህ ቤት የሰው ቤት ይሆናል። አንቺን አውቅሻለሁ፤ የሰው ቤት ሲሆን አትመጭም። ያው እዚያው ትቀሪያለሽ አልኩ።»

«አላወራም ነበር፤ እያዳመጥኩ ነበር» አልኩ። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ የመለስኩት ይህንን ነው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ይሁን። ለኔ ያው ነው።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። «ተይው፤ የተጻፈልኝ አይደለም» አለችና አውቶቡስ ሲቆም ሰምታ ተነሥታ ወጣች። ቁጣ ብትቆጣኝ፣ ብትራገም እንኳ፣ ይቀለኝ ነበር። አንድም ቀን አላነሣችብኝም።

የሚከብደው ኋላ የመጣው ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። እናቴ ለኔ ብላ ወደ ጠበቀችው ቤት የምሄድበት ቀን እየተራራቀ ሄደ። በየሳምንቱ የነበረው በየወሩ ሆነ፤ ከዚያም በበዓል በበዓል። አሁን የሚያስቀረኝ ሬዲዮ አይደለም፤ ልጅ ታሟል፣ ባል እንግዳ አለበት፣ የክረምት ሥልጠና አለ። ሁሉም እውነት ነበር። ስዋሽ የነበርኩትን ያህል ቅዳሜ በእውነት ቀረሁ። ከእኛ ጋር ኑሪ ስላት «ቤቱንስ ለማን ትቼ?» ትላለች።

ሬዲዮውን አልተውኩትም። ምሽት ላይ፣ ልጆቹ ሲያጠኑ፣ ጓሮ እወጣለሁ። ግን ደብረ ማርቆስ እንደ ገጠሩ አይደለም፤ የየቤቱ አምፖልና ቻርጀር በሞገዱ ላይ ይጮኻል። ኤፍ ኤሙም መጣ፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ደካሞቹ ጣቢያዎች አንድ በአንድ ጠፉብኝ። ተዘግተው ይሁን ጩኸቱ ውጧቸው አላውቅም። አልፎ አልፎ አንዱን ስይዝ እንደ ወጣትነቴ ልቤ ዘለል ይላል፤ ወዲያው ደግሞ የሰረቅሁትን የምበላ ይመስለኛል። ባለቤቴ «ምን አገኘሽ?» ሲለኝ «ምንም» እላለሁ።

የወፍጮው ባለቤት የሞተው እናቴ ሻይ ቤቱን ለሌላ ሰው አከራይታ፣ በምርኩዝ መሄድ ከጀመረች በኋላ ነው። በስልክ ነገረችኝ፤ ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር። «ጎረቤት ነውና ቀብር ልወጣ ነው» አለች። የዚያን ቀን ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሄድኩ። ደግፌ ወሰድኳት። በድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ሚስቱ ስታለቅስ እናቴ አጠገቧ ሆና ትከሻዋን ይዛ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ስትላት ነበር። ራሷ ያለቀሰችው ጎረቤት ለጎረቤት የሚያለቅሰውን ያህል ነው። ማንም ምንም አላየባትም።

ሣልስቱ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሴቶቹ ያዘቀዘቁትን ነጠላ ገልብጠው እንደ ወትሯቸው ለበሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ሉማሜ ስደርስ እናቴ ደጇ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የነጠላዋ ጥለት አሁንም እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገቷ ነበር። የረሳችው መስሎኝ ላቃናላት እጄን ዘረጋሁ።

«ተይው» አለችኝ፤ እጄን በቀስታ መልሳ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጆቹን ጠየቀችኝ፤ ደኅና ናቸው አልኳት። አርባው እስኪወጣ ድረስ እንደዚያው ለብሳ ነው የቆየችው። የሚያልፈው ሁሉ አርጅታ ነጠላ መልበስ የጠፋት መስሎት ነበር፤ እኔም ለማንም አልነገርኩም።